ሁለት መቶ አርባ ዝሎቲ

የመጋቢት ጡረታዬን ተቀብዬ፣ መድኃኒቴን ገዝቼ፣
የከሰሉን፣ የመብራቱን፣ የድመቷን ለይቼ፣
የተረፈችኝን ሦስት መቶ በመሀረብ ቋጥሬ፣
ቲሞን ሱቅ ገባሁ፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ እንደ ልጃገረድ አፍሬ።

መንጠቆና ቦቲ ጫማ፣ የአዳኝ ኮፍያ ይሸጣል፤
የሪብኒክ ከሰል ጉድጓድ ከተዘጋ ወንዱ ሁሉ ወንዝ ዳር ይቀመጣል።
«ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለራሴ» ስለው ዝም አለ፤
ጥቂት አገጩን አከከና አንዱን ከግድግዳ ነቀለ።

«ይህ ከሲሊንደር አየር ይጠጣል፤ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ፤
መነጽሩ ዝንብ ይቆጥራል በሃምሳ ሜትር፣ በጸጥታ።»
ዋጋውን ግን ያለ መነጽር አነበብኩት፤ የሁለት ወር ጡረታ።

ሁለተኛው ጥቁር፣ ከባድ፤ ሳጥኑ ላይ ነብር ያገሳል፤
ፍጥነቱ በቀይ ተጽፏል፤ ሰደፉ ትከሻ ያፈርሳል።
«ልጄ» አልኩት፣ «ከበሬ እስከ ከሰል ቤቱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ናት፤
ለአንድ የአተር ቆርቆሮ ብዬ ነብር የምቀልበው በምን ሀብት?»

ያኔ ነው ጥግ ላይ ያየሁት፣ ከዓሣ ዘንጎቹ ኋላ፣
ሰደፉን የሌላ ሰው ጉንጭ ያወዛው፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ ባለ ሞላ።
አጠፍኩት፤ እንደ ጓዳ በር ሲጥ ብሎ አዛጋ፤
መነጽር የለው፤ አንድ ጉብታ፣ አንድ ስንጥቅ ብቻ፤ ትከሻዬ ላይ ረጋ።
«ሞላው አርጅቷል» አለ ቲሞን፣ «ግን ይሠራል።»
«እኔም» አልኩት።
ሁለት መቶ አርባ። አንድ ቆርቆሮ እርሳስ መረቀልኝ፤ አምስት መቶ ፍሬ።
ሰው እንደ ቤቱ ነው የሚኖር፤ እንደ ጎረቤቱማ—

ጎረቤቴ ከነጋ ጀምሮ አገጩን አጥሩ ላይ ጥሏል።
«ሂልዳ» አለኝ አሎይዝ፣ «እርግቦቼስ?»
አርባ ሁለት እርግብ አለው፤ በየስማቸው ይጠራቸዋል፤
አንዷ ከብራስልስ ነፋስ ሰንጥቃ ዋንጫ አምጥታለታለች።
እጁን ይዤ ወሰድኩት።
ከከሰል ቤቱ ጡብ ፊት የኤቫልድ ቁምሳጥን መሳቢያ ቆሟል፤
ውስጡ አሸዋ፤ ከአሸዋው ፊት ባሌ ጉድጓድ ሲወርድ የሚለብሰው ካፖርት፣
አራት እጥፍ።
አሎይዝ ተንበርክኮ አንኳኳው፤ ጡቡንም ገፋ ገፋ አደረገ።
«ወደ ላይ አልተኩስም» አልኩት፣ «ሰማዩ ያንተ ነው።»
አሁን እርግቦቹን ሊለቅ ሲል ያፏጫል፤ እኔም ጠመንጃዬን አጥፌ
ጭኔ ላይ አስተኛለሁ፤ እስኪመለሱ አብሬው እቆጥራለሁ።

ስለ እጄ ግን አልነገርኩትም።
ካቶቪትሴ ያለው ሐኪም ስም አውጥቶለታል፤
እኔ «እንግዳው» እለዋለሁ። ሻዬን ይደፋል፣
ፊርማዬን የዶሮ ጭረት ያደርገዋል፤
ቤተ ክርስቲያን ሻማ ስለኩስ ከጎኔ ያሉት ሴቶች
ክብሪቱን ቀስ ብለው ይቀበሉኛል።
በመጀመሪያው ቀን ከአምስቱ ቆርቆሮ አንዱንም አልነካሁ፤
እርሳሱ ሁሉ ኤቫልድ ካፖርት ውስጥ ገባ።
«ይቅር በለኝ» አልኩ፤ ሳቄም መጣ።

ግን አንድ ነገር አለ።
ትንፋሼን እስከ ግማሽ አውጥቼ ስይዘው፣
ጉብታው ስንጥቁ ውስጥ ሲወርድ፣ ሲዋዥቅ፣ ሲዘገይ፣
ቃታው ጣቴ ሥር ከመልቀቁ በፊት
እንግዳው ብድግ ይላል፤ ኮፍያውን አጥልቆ በሩ ላይ ይቆማል።
ሁለት የልብ ምት ያህል። ሦስት፣ ከቀናኝ።
ከዚያ ጠቅ— ቆርቆሮው ይጮኻል፤

አሎይዝም ከአጥሩ ወዲያ፣ ቀና ሳይል፣ ባልዲውን እያጠበ፣
«አተር ነው ወይስ ኮክ?» ይለኛል።
«አተር።»
«የኮኩ ድምፁ ይወፍራል፤ ነገ ባዶውን አመጣልሻለሁ።»

እርሳሱን በቀን አምስት አምስት ነው የምተኩሰው።
ቲሞን ሲመርቅልኝ አላሰላውም፤ እኔ አስልቼዋለሁ፤
እስከ ሰኔ መጨረሻ ያደርሰኛል።
ከዚያ የሐምሌ ጡረታ አለ።